እትዬ ቁጥር እና ሃያ ሦስተኛው ሰው

በአውቶቡስ በቡድን የተጓዘ ሰው ሁሉ ቆጣሪ ገጥሞታል። አልገጠመኝም የሚል ካለ፣ ወይ ተጉዞ አያውቅም ወይ ቆጣሪው ራሱ ነው።

ቆጣሪን የሚሾም የለም፤ ራሱን ይሾማል። ሾፌሩ ገና ሞተር ሳያስነሳ ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእርስዎ ነገር አበቃ፤ ስምዎ ቀርቶ አስራ አራተኛ ነዎት። ውሃ ልግዛ ብለው ሲወርዱ «አስራ አራት የት ሄደ?» ይባላል። መጸዳጃ ቤት ሲገቡ በሩ ይንኳኳል። እንዲህ ባለ ትጋት እኮ ቤተሰብዎም ፈልጎዎት አያውቅ!

የቆጣሪዎች ሁሉ ቁንጮ፣ የአውቶቡስ በር ባለሙሉ ሥልጣን፣ የጥንታዊ ከተሞችና ገዳማት ጉብኝት የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ቁጥር የደረሱት ግን ለአስጎብኚው ነው። ምን በድዬ ነው ብሎ ፈጣሪውን ጠይቋል።

አስጎብኚው አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ድምፁ በማይክራፎን የሻከረ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ድንጋይ ፊት አንድ ቀልድ ሲቀልድ የኖረ ሰው ነው። በዚህ ጉዞ ግን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበረውም። ጉዞው ስምንት ቀን ነው፤ ሦስቱ እዚሁ አገር፣ አምስቱ ድንበር ተሻግሮ ጎረቤት አገር። ለጎረቤት አገር የተሰጣቸው የቡድን ቪዛ ነው፤ አንድ ወረቀት፣ ሃያ ሁለት የመንገደኛ ስም፣ ከታች ማኅተም። ሃያ ሁለት ሆነው ይገባሉ፣ በስምንተኛው ቀን ከአስራ ሁለት ሰዓት በፊት ሃያ ሁለት ሆነው ይወጣሉ። አለቀ። ባለፈው ዓመት አንድ መንገደኛ እዚያው ቀርቶበት አስጎብኚው ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ቢጎድልበት የሥራ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ሚስቱ በመነሻው ቀን ሸሚዙን እየተኮሰች «አደራህን፣ ሰዎቹን እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቅ» ብላዋለች።

እንግዲህ ቆጣሪ ሲያገኝ ደስ ሊለው ይገባ ነበር አይደል? እትዬን ስለማታውቋቸው ነው።

እትዬ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሥራቸው መቁጠር ነበር። ሐኪሙ ሆድ ከመክፈቱ በፊት የደም መጥረጊያ ጋውዙን፣ መቀሱን፣ መርፌውን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ሌላ ነርስ ቁጥሩን ተቀብላ ትደግማለች። ሐኪሙ ሊሰፋ ሲል እንደገና ይቆጠራል። ካልገጠመ ስፌት የለም። ሐኪሙ ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ እቤቱ እንግዳ ተሰብስቦ ቢጠብቀው፣ እትዬ እጃቸውን አጣጥፈው «ሳይቆጠር አይዘጋም» ይላሉ፤ አይዘጋምም። ጡረታ ሲወጡ ሆስፒታሉ የግድግዳ ሰዓት ሸለማቸው። ልማዳቸውን ግን አልተረከባቸውም።

«ስንት ነን?» ይላሉ በአውቶቡሱ በር ላይ ቆመው።

«ሃያ ሁለት፣ እትዬ።»

«ቆጥረህ ነው ወይስ ከወረቀቱ አንብበህ?»

ይህ ጥያቄ በቀን ሰባት ስምንት ጊዜ ይመጣል። መልሱ ከዘገየ አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ እንኳን፣ የትራፊክ ፖሊስን የማይፈራው ሰውዬ፣ እሳቸው «ዝጋ» ሳይሉ የበሩን ቁልፍ አይነካም።

መንገደኛው ሁሉ ተማረረ። ከሁሉ ያመረሩት ጡረተኛው ዳኛ ናቸው፤ እትዬ ቁጥር የሚለውን ስም ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሲገቡ ሰው ብድግ ሲልላቸው ኖሮ አሁን በጣት ተጠቁሞ «ዘጠኝ» መባል አንጀታቸውን አቃጠለው።

«ስሚ እትዬ፣ እኔ ጋውዝ አይደለሁም!»

«ጋውዝማ ቢሆኑ ዝም ይሉ ነበር፣ ዳኛ» አሉ እትዬ፣ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩ። «አስር... አስራ አንድ...»

ሲቆጠር ያልተነጫነጨ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልብስ ሰፊው። ሃምሳ ዓመት ግድም ሆኖታል፣ ከሱቁ ፎቅ ላይ ብቻውን ይኖራል፣ በጉዞው ሁሉ ከእሺና ከአመሰግናለሁ ውጭ ቃል አልወጣውም። ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጣል። የእትዬ ጣት ሲደርስበት ግን እጁን በትንሹ አንስቶ፣ ፈገግ ብሎ፣ «አለሁ» ይላል። አስራ ሰባተኛ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የሆነውን ሳልነግራችሁ አልልፍም። በግንብ የታጠረ የጥንት ከተማ ነው፤ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ የቤቱ መስኮት ሁሉ ግጥም ብሎ የተዘጋ፣ የራስህ ኮቴ ከኋላህ የሚከተልህ። ተጎብኝቶ ሲያበቃ አውቶቡሱ ውስጥ ሃያ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ። እትዬ እንደ ጥይት ወረዱ። አስር ደቂቃም ሳይሞላ አንድ ሰውዬ እጁን ይዘው መጡና አስቀመጡት። «ሃያ ሁለት! ሞልተናል፣ ዝጋ!» አውቶቡሱ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ዳኛው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ላብ አጥምቋቸው፣ በመስታወቱ ውስጥ እየሮጡ ታዩ።

የመጣው ሰውዬ የሰፈሩ ቁልፍ ሠሪ ነው። «እመቤቲቱ ‹ና፣ ሰው እየጠበቀህ ነው› ሲሉኝ የተቆለፈባችሁ ነገር ያለ መሰለኝ» አለ፣ መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

ሰው ሁሉ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እትዬ ብቻ አልሳቁም። ዳኛው ቢሳደቡም ወደ ሆቴሉ እስኪደርሱ መስኮት መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉት አስጎብኚውን ሲወርዱ። «ቁጥር ሞልቶ ሰው ሊጎድል ይችላል ለካ። ጋውዝ ከጋውዝ አይለይም፤ ይህን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አላሰብኩትም።»

በአራተኛው ቀን ድንበር ተሻገሩ። መኮንኑ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ቆጠረ፣ ሃያ ሁለት። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ። አስጎብኚው ወረቀቱን አራት አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ በየሰዓቱ ኪሱን ይዳብስ ጀመር።

የመጀመሪያው ገዳም ከገደል ሆድ የተፈለፈለ ነው። በሩ ዝቅ ከማለቱ የተነሳ አጭር ሰው እንኳን ጎንበስ ይላል። ደጁ ላይ ለጫማ ማስቀመጫ የተቀረጸ የድንጋይ መደብ አለ። ውስጡ ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ግራና ቀኙ የመነኮሳት ክፍሎች፣ በየክፍሉ አንድ የድንጋይ አልጋ። አልጋው መሃሉ ሰርጉዷል፤ ለስንት መቶ ዓመት ሰው በላዩ እየተኛበት ነው የሰረጎደው። አስጎብኚው እዚያ ውስጥ ሲናገር ድምፁ ዘግየት ብሎ ይመለስለታል። በተመለሰ ቁጥር ደግሞ፣ ይምልልኛል፣ እሱ ያላለው ትንሽ ነገር ተጨምሮበት ነበር። እዚህ ቦታ ላይ ቀልዶ አያውቅም።

እትዬ የራሳቸውንም አውልቀው፣ ወደኋላ ቀርተው ጫማ ይቆጥራሉ። «ሰው ይንቀሳቀሳል» ይላሉ፤ «ጫማ ባለበት ይቀመጣል።» አስጎብኚው ከውስጥ ሲወጣ እዚያው መደቡ አጠገብ ቆመው አገኛቸው፤ ፊታቸው ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ ሃያ ሦስት ጥንድ ነው።»

«የእኔን ቆጥረውት ነዋ።»

«የአንተማ ያቺ ተረከዟ ያለቀችው ናት፤ ለይቼ አስቀምጫታለሁ።»

«የመነኩሴው ይሆናላ!»

«መነኩሴው በባዶ እግራቸው ነው የሚሄዱት። ሾፌሩም ከአውቶቡሱ አልወረደም። ና፣ ራስህ እይ።»

አየ። ጫጉላቸውን በጉዞ የሚያሳልፉት ሙሽሮች ሸራ ጫማ፣ የዳኛው ጥቁር ቆዳ፣ የልብስ ሰፊው የተወለወለ ቡናማ፤ ሁሉም የሰው ጫማ ነው፣ አንድም እንግዳ ነገር የለበትም። ቆጠረ። ሃያ ሦስት ጥንድ። ጎብኚው ሲወጣ ሁሉም እየተጫማ ሄደ፤ መደቡ ላይ ምንም አልቀረም።

«አዩ? ምንም የለም» አለ አስጎብኚው፣ ነፍሱ መለስ ብላ።

«ታዲያ ሃያ ሦስተኛውን ማን አደረገው?» አሉ እትዬ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት። ከኋላ ወደ ፊት ቆጠሩ፤ ሃያ ሦስት። አስጎብኚው ተናዶ ራሱ ቆጠረ፣ ሃያ ሁለት አገኘ፣ ሊስቅ አፉን ከፈተ። እትዬ አዩት። እንደገና ቆጠረ። ሃያ ሦስት። በወረቀቱ መሠረት ስም ጠራ፤ ሃያ ሁለት ስም፣ ሃያ ሁለት «አቤት»። የቀረ የለም፣ የተጨመረ የለም።

«አንድ በአንድ ሳያቸው የማላውቀው ሰው የለም» አሉ እትዬ በሹክሹክታ። «ስደምራቸው ነው ሃያ ሦስት የሚሆኑት።» ከዚያ ጠጋ አሉት። «ጉድለት ይሻል ነበር። የጎደለ ይፈለጋል፤ ወለል ላይ፣ ቅርጫት ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ። ትርፍ ግን ያስፈራል። አንድ ቀን አንድ ጋውዝ ተርፎን ያውቃል። ሐኪሙ መርፌውን አስቀመጠ።»

«ለምን? ተረፈ እንጂ አልጎደለ!»

«ከማን ሆድ ነው የመጣው ብሎ ነዋ!»

አስጎብኚው ያን ቀን ራት አልበላም።

በማግስቱ ሌላ የጥንት ከተማ፣ ሌላ ግንብ። ምሳ ላይ አስተናጋጁ ሃያ ሁለት ሰሃን ታዞ ሃያ ሦስት አመጣ። «ቆጥሬ ነው ያመጣሁት» አለ ቅር ብሎት። ትርፉን ሰሃን የነካው የለም። ምሳው ሲያበቃ ግን ያ ወንበር ከጠረጴዛው ትንሽ ወደ ኋላ ተስቦ ነበር፤ ሰው በልቶ ሲነሳ እንደሚያደርገው። በስድስተኛው ቀን ሁለተኛው ገዳም ደጅ ላይ እትዬ በየጫማው ውስጥ እጃቸውን እያስገቡ ሲዳብሱ ተገኙ።

«እትዬ፣ በእናትዎ! ይህ ምን ይባላል?»

«ሙቀት እያየሁ ነው። የማንም ሰው እግር ያልገባበት ጫማ ይቀዘቅዛል ብዬ።»

«እና?»

«ሃያ ሦስቱም ይሞቃል።»

ወሬ ክንፍ አለው፤ መንገደኛው ሰማ። ሰው እርስ በርሱ መቆጣጠር ጀመረ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ሙሽሮቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ከሾፌሩ ጀርባ ሰፈሩ። ዳኛው ደግሞ፣ ያለ ማስረጃ ምንም የማያምኑት ዳኛ፣ አጠገባቸው ያለው ባዶ መቀመጫ ላይ ቦርሳቸውን አስቀመጡበት፤ ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ልብስ ሰፊው ብቻ ከቦታው አልተነሳም።

አስጎብኚው እትዬን ለብቻቸው ጠርቶ ለመናቸው። «እትዬ፣ አፈር ስሆን፣ ጮክ ብለው አይቁጠሩብኝ። ወረቀቱ ሃያ ሁለት ይላል። ድንበር ላይ ሃያ ሁለት ሆኜ ካልወጣሁ እኔ ጉድ ፈላብኝ፤ ልጆቼን ምን አበላለሁ?»

እትዬ እሺ አሉ። ከዚያ በኋላ ጣታቸውን ቦርሳቸው ስር ደብቀው፣ ከንፈራቸውን ገጥመው ይቆጥሩ ጀመር። አስጎብኚው ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ባያስተውል ይሻለው ነበር። የመጨረሻው ሰው አውቶቡሱ ውስጥ ከገባ በኋላ እትዬ «ዝጋ» ከማለታቸው በፊት ትንሽ ዘወር ብለው መንገድ ይለቃሉ፤ አንድ ሌላ ሰው እንደሚያሳልፉ። በሰባተኛው ቀን ጭራሽ «በል ግባ፣ ንፋስ ነው» ሲሉ ሰማቸው። መንገድ ላይ ማንም አልነበረም።

ስምንተኛው ቀን መጣ። የመጨረሻው ገዳም አለት ጫፍ ላይ ነው። ከሥሩ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት፣ በመሬት ውስጥ ያለ የጥንት ጸሎት ቤት አለ። አስጎብኚው ቁልፍ ያዡን ሽማግሌ ለምኖ፣ ተለማምጦ አስከፈተው። ያን ቀን ስለሚያካፋ ሁሉም ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ፤ የእትዬ የጫማ ቆጠራም ቀረ። ከታች ያለው ጨለማ የመብራት ብርሃን ገፍቶ የሚመልስ ዓይነት ነው። ሰው ብዙ አልቆየበትም፤ ተሽቀዳድሞ ወጣ። ሽማግሌው በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ወገቡ ላይ አስሮ፣ በኋላ በኩል ወደ መንደር ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነው። ድንበሩ ሁለት ሰዓት ይርቃል፣ አስራ ሁለት ላይ ይዘጋል። አስጎብኚው አውቶቡሱ ውስጥ ገብቶ ቆጠረ።

ሃያ ሁለት።

ዓይኑን አሽቶ ደገመ። ሃያ ሁለት! ሾፌሩን ሊስመው ምንም አልቀረው። «ተመስገን! ለቀቀን! ንዳው ወንድሜ፣ ንዳው!»

«አትዝጋው» አሉ እትዬ።

በሩ ላይ ቆመዋል፤ አንድ እግራቸው ደረጃው ላይ፣ አንዱ መሬት።

«እትዬ፣ ሃያ ሁለት ነን! ይኸው ወረቀቱ፣ ይኸው ሰዉ!»

«አራት ቀን ሃያ ሦስት ነበርን። ዛሬ ሃያ ሁለት ነን። አንድ ሰው ጎድሎናል።»

«የጎደለውማ እሱ ነው! ትርፉ ነው የሄደው!»

«በምን አወቅህ?» አሉ እትዬ ቀስ ብለው።

አስጎብኚው ሰዓቱን አየ።

«ድንበሩ ይዘጋብናል!» ጮኹ ዳኛው። «አንድ ሴትዮ ስትቆጥር እኛ እዚህ ልናድር ነው እንዴ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ዳኛ። እርስዎን ሮጠው ያመጡዎት እግሮችዎ ናቸው፤ የሚሮጥ እግር የሌለውስ?» እትዬ ወደ አስጎብኚው ዞሩ። «ስም ጥራ። ከዚያ ትሄዳለህ።»

ጠራ። አቤት፣ አቤት፣ አቤት። አስራ ሰባተኛው ላይ የልብስ ሰፊውን ስም ጠራ።

ዝም።

ደግሞ ጠራ። ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ጠራ። የቀሩትን አምስት ስሞች ጠርቶ ጨረሰ፤ ሁሉም መለሱ። ሃያ አንድ ሰው መለሰ። አውቶቡሱ ውስጥ ደግሞ ሃያ ሁለት ሰው ተቆጥሯል፤ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ ሁለት ጊዜ።

ማንም ወደ ኋላ አልዞረም። ሙሽራዋ የባሏን ክንድ ጨምቃ ያዘች። ዳኛው ደግሞ ቀስ ብለው ቦርሳቸውን ከባዶው መቀመጫ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሩጫ ሆነ። አስጎብኚው ያን ገደል እንዴት እንደወረደው አያውቅም፤ ሽማግሌውን መንደሩ መግቢያ ላይ ደርሶ «አባቴ፣ ሰው ቆልፈውብኛል!» ሲል የራሱን ድምፅ አላወቀውም። ሽማግሌው ክው አለ። «ከወር በኋላ ነበር እኮ የምከፍተው» ብቻ አለ። እየተደጋገፉ ወጡ። በሩ ሲከፈት፣ ደጁ ላይ ሲጠብቁ የቆዩት የእትዬ የእጅ መብራት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሮጠ።

ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ጫማው ጉልበቱ ላይ ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ እጅግ ያረጀ የጥልፍ ጨርቅ አለ፣ የእሱን ስፌት ተጠግቶ ሲያይ መብራት የያዙት ጥለውት ወጥተዋል።

«አይዞዎት! አልፈሩም?» አለ አስጎብኚው፣ አጠገቡ ተንበርክኮ።

«መጀመሪያ ፈራሁ። ጮህኩም፤ ግድግዳው ዋጠው።» ይህ በስምንት ቀን ውስጥ ከተናገረው ሁሉ ይበልጣል። «ኋላ ግን እትዬ ይቆጥራሉ ብዬ ተቀመጥኩ። እቤቴ ቢቆለፍብኝ ወር ሙሉ የሚያውቅልኝ የለም። እዚህ ግን አስራ ሰባተኛ ነኝ።»

እትዬ አላቀፉትም፣ አላለቀሱምም። የእጁን ትርታ ያዙ፣ «ምላስህን አውጣ» አሉ፣ አዩ፣ «ደህና ነህ፣ ተነስ» አሉ። ጣታቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አስጎብኚው አየ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተንቀጠቀጠ ጣት ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ይህችን ሴት ምነው ባልመጣችብኝ ሲል እንደነበር አስቦ አፈረ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሲገቡ እትዬ በጣታቸው፣ በግልጽ፣ ሳይደብቁ ቆጠሩ።

«ሃያ ሦስት» አሉ። «ሞልተናል። ዝጋ።»

ማንም አልተቃወመም።

ሾፌሩ እንደዚያ ቀን ነድቶ አያውቅም። ለአስራ ሁለት አራት ደቂቃ ሲቀረው የድንበሩ መዝጊያ ግንድ ጋ ደረሱ። መኮንኑ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ ከፊት ጀምሮ መቁጠር ጀመረ። አስጎብኚው ከጀርባው ተከተለው። ሃያ ሦስት ካለ ምን ሊለው ነው? እትዬን አየ፤ እትዬ ከንፈራቸውን ገጥመው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መኮንኑ የመጨረሻው ረድፍ ጋ ሲደርስ ጣቱ አየር ላይ ቆመ። ቅንድቡን ሰበሰበ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና «ሃያ ሁለት» አለ፤ ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ።

ተሻገሩ። አስጎብኚው ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ወደ እትዬ መቀመጫ ሄዶ አጠገባቸው ቆመ፤ በስምንት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ጠየቀ።

«እትዬ፣ ስንት ነን?»

እትዬ ቆጠሩ። «ሃያ ሁለት።»

«እሱስ?»

እትዬ በኋላው መስታወት ያያሉ። መዝጊያው ግንድ እየወረደ ነው፤ ከወዲያ ያለው መንገድ ባዶ ነው።

«እንግዳ ሸኝቶ ይመለሳል እንጂ አገሩን ጥሎ የት ይሄዳል?» አሉ። «ጨዋ ነው፤ እስከ በሩ ድረስ መጥቷል።»

ከዚያ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ አፋቸውን በትንሹ ከፈት አድርገው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ቀን ሲተኙ አይቷቸው የሚያውቅ አልነበረም።

ከድንበሩ ወዲህ ያለች አንዲት ነዳጅ ማደያ ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ሰው ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ተመልሶ ገባ። ሾፌሩ እጁን ወደ በሩ ቁልፍ ሰደደና ቆመ። ሁሉም ወደ እትዬ አዩ። እትዬ ተኝተዋል።

«ልቀስቅሳቸው?» አለ ሾፌሩ።

«እንዳትነካት!» አሉ ዳኛው በሹክሹክታ፣ እንደ ችሎት አስከባሪ ጣታቸውን አንስተው።

አስጎብኚው ከመጀመሪያው ረድፍ ተነሳ። የእትዬን መቀመጫ ጫፍ በቀስታ ነካ። «አንድ» አለ፣ ስለ እሳቸው።

«ሁለት» አሉ ዳኛው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

«ሦስት» አለ ሙሽራው። እንዲህ እያለ፣ ከአፍ ወደ አፍ፣ ሰው ሁሉ የራሱን እየተነፈሰ፣ ወደ ኋላ ሄደ። «አስራ ሰባት» ብሎ የተናገረው ሰው ድምፁን ትንሽ ከፍ ማድረጉ ይቅር ይባልለት። የመጨረሻዋ፣ ከፊት ሆና ተራዋ ያመለጣት ሙሽራዋ ናት። «ሃያ ሁለት» አለች።

ከዚያ ሁሉም ትንሽ ጠበቁ። ሾፌሩም እጁ አየር ላይ እንዳለ ጠበቀ። ከመጨረሻው ረድፍ ድምፅ አልመጣም፤ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሁሉ ቅር አለው።

«በል ዝጋው» አለ አስጎብኚው። «ቀስ ብለህ፤ እንዳይነቁ።»